ባንኩን አትናቀው

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። በጋዜጠኝነት ተመርቀሃል። አንድ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮ ሊቀጥርህ ነው። አባትህ ደግሞ አጎትህ ያገኘልህን የባንክ ሥራ ያዝና ታናናሾችህን አስተምር ይላሉ። አንተ ሁለቱንም ትተህ እንደ አሜሪካዊው ክሪስ ሄጅስ የጦር ሜዳ ዘጋቢ፣ ቀጥሎም ማንም የማያዘው ደራሲና ተቺ መሆን አማረህ። "ጋሼ፣ ነፃነቴን ከደሞዝ ላስቀድም?" ነው ጥያቄህ።

እስቲ የሰውየውን መንገድ እንየው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤል ሳልቫዶር ነበር። ከዚያ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ከዚያ ባልካን። ኒው ዮርክ ታይምስ ብቻ 15 ዓመት ደሞዝ ከፍሎታል። በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ኮሌጅ ምርቃት ላይ የኢራቅን ጦርነት ሲያወግዝ ተጮኸበት፣ ማይክራፎኑ ተነቀለ፣ ጋዜጣውም ገሠጸው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከጋዜጣው ወጣ። ሲወጣ ግን የሃያ ዓመት ትዝብት ይዞ ነው። አንተ ምን ይዘህ ትወጣለህ?

እኔን የሚያስፈራኝ ኮሙኒኬሽን ቢሮው ነው። ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ትቆጥራለህ፤ ማታ ስትወጣ ምላስህ የራስህ ነው። ኮሙኒኬሽን የሚገዛህ ያንኑ ምላስህን ነው። እንዲህ ያለ ቢሮ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ድልድይ ሊመረቅ ሄድን። ድልድዩ አለ፣ መንገዱ የለም። ይህ እንዳይታይ ጎንበስ ብዬ ከታች ወደ ላይ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ልጽፍ ስቀመጥ እጄ "በደማቅ ሥነ ሥርዓት" ብሎ ይጀምራል። ለቅቄ መምህር ሆንኩ። የመጀመሪያ መጽሐፌን የጨረስኩት ፈተና እያረምኩ ነው።

ደራሲው በዓሉ ግርማንም አስብ። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሰው ሆኖ ነው። ያየውን ኦሮማይ በተባለው ልቦለዱ ሲጽፈው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ።

ለጦርነት ደግሞ ሩቅ አገር አያስፈልግህም። አጣዬ በ2013 ተቃጥላለች። በ2014 ኅዳር ውጊያው ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና መጥቷል። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች እዚያው ከተማህ መጠለያ ውስጥ ዓመታት አሳልፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሂድ። ካሜራ አታውጣ። አንዲት እናት በመጀመሪያው ቀን የሚነግሩህን ለመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ ነግረውታል። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የበሩን ቁልፍ ለምን እንዳልጣሉት ሊነግሩህ ይችላሉ። ቀኑን፣ የቀበሌውን ስም፣ የዚያን ሳምንት የጤፍ ዋጋ ሳይቀር ጻፍ። የሰዎቹን ስም በሌላ ደብተር አድርገው፤ ደብተር ይጠፋል፣ ይወሰዳልም።

አባትህ ባንኩ ላይ ልክ ናቸው። ሦስት ልጅ በአንድ ጀማሪ ደሞዝ አስተምር ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። የወለዷቸው እሳቸው ናቸው። በየወሩ የምትሰጠውን ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። ያኮርፋሉ። ለፋሲካ በግ ይዘህ ስትገባ ይታረቁሃል።

ልማር ያልከው ማስተርስ ይቆይ። እንግሊዝኛህ ደካማ ከሆነ ለማንበብ ያህል ይብቃህ፤ የምትጽፈው በአማርኛ ነው።

የባንኩ ማመልከቻ አርብ ይዘጋል ብለሃል። ለአጎትህ ዛሬውኑ ደውል።