ስለ ልጅነታቸው ጠይቋቸው፦ በብሪታንያ አረጋውያንን ለምትንከባከቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፦

በብሪታንያ በአረጋውያን መጦሪያዎችና በሆስፒታሎች በነርስነት ወይም በተንከባካቢነት የተሰማራችሁ፣ እንዲሁም ለዚሁ ሥራ በመዘጋጀት ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ አንድ ምክር ከእኔ እንድትቀበሉ እለምናችኋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚሁ አገር አረጋውያንን በነርስነት አገልግያለሁ፤ ስለ ሙያዬ ካወቅሁት ሁሉ የሚበልጠውን ያገኘሁት እነዚያ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው እያወጉ ሲስቁ አጠገባቸው በመቀመጥ ነው። አንሶላ መቀየርን፣ ሰውን ሳያሳምሙ ማገላበጥን፣ የመድኃኒት ሰዓት ማክበርን አሠሪዎቻችሁ ያስተምሯችኋል። የ88 ዓመቷ እናት የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ምን ያስቃቸው እንደነበር መጠየቅን የሚያስተምራችሁ ግን ብዙ አታገኙምና የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያረጀ ሰው ስለ ድሮው ደጋግሞ ሲያወራ የአእምሮ መድከም ምልክት ነው ተብሎ ይታሰብ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሕይወትን ወደ ኋላ ዞሮ መመልከት በእርጅና ዘመን የሚጠበቅና የሚጠቅም ነገር መሆኑን ከተከራከሩ በኋላ የባለሙያዎች አመለካከት እየተለወጠ መጣ። ዲሜንሺያ የተባለው የመርሳት ሕመም፣ በተለይም አልዛይመር፣ አስቀድሞ የሚያጠቃው የቅርቡን ትውስታ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ምን እንደበሉ የማያስታውሱ አዛውንት የልጅነት ጎረቤታቸውን ስምና የበሩን ቀለም ሳይቀር ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ትዝታ ሕመሙን አይፈውስም፤ ጥናቶችም ጥቅሙ መጠነኛና ከሰው ሰው የሚለያይ መሆኑን ያሳያሉ። እኔ ግን «ገላዬን አልታጠብም» ብለው ሲታገሉ የቆዩ ሰው፣ በልጅነታቸው እንዴት ይታጠቡ እንደነበር ሲጠየቁ ለስለስ ብለው እጃቸውን ሲሰጡ አይቻለሁና ያን መጠነኛ ጥቅም ከቶ አልንቀውም።

«ልጅነትዎ እንዴት ነበር?» ብትሏቸው «ደህና ነበር» ይሏችኋል፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል። ጥያቄያችሁ ዝርዝር ሲሆን ግን መልሱ ይረዝማል፤ ዝርዝሩን ለመጠየቅ ደግሞ የአገሩን የድሮ ኑሮ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ብዙ የሠራተኛ ቤቶች መታጠቢያ ክፍል አልነበራቸውም። ከግድግዳ ምስማር ላይ የሚንጠለጠለው ትልቅ የቆርቆሮ ሳፋ በሳምንት አንድ ምሽት ይወርድና ከከሰሉ ምድጃ ፊት ይቀመጣል፤ ቤተሰቡም በዚያው በአንድ ውሃ በየተራ ይታጠባል። «ከእናንተ ቤት ማን ነበር የሚቀድመው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዲት የሸፊልድ ተወላጅ ይህን ስጠይቃቸው፣ ከስድስት ልጆች የመጨረሻዋ እንደነበሩ፣ ተራቸው እስኪደርስ ውሃው ጠቁሮ ይጠብቃቸው እንደነበር ነገሩኝና «ታጥቤ ስወጣ እናቴ የማን ልጅ ነሽ ትለኝ ነበር» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሽንት ቤቱም ከጓሮ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ አራት ማዕዘን እየሆነ ተቆራርጦ በሲባጎ የተንጠለጠለ አሮጌ ጋዜጣ ነበር። አንድ አዛውንት እዚያ ተቀምጠው የእግር ኳስ ዘገባ ማንበብ ይጀምሩና ኳሱ ወደ ግብ ሲመታ ወረቀቱ ያልቅባቸዋል፤ የቀረውን ቁራጭ ታላቅ ወንድማቸው ቀድሞ ተጠቅሞበታልና። ያ ኳስ መግባት አለመግባቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁም እያሉ ሲያወጉ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁት በጓሮ ሽንት ቤትና በሳፋ መታጠብ ስለሆነ ይህን ወሬ ስትሰሙ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ እናንተም እንደዚያው እንዳደጋችሁ ንገሯቸው። እንዲያውም አረጋውያኑ ከገዛ የልጅ ልጆቻቸው ይልቅ ከእናንተ ጋር የሚግባቡበት ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በልጅነታቸው ያዩት ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የሚስቁት በሚያስፈራው ነገር ላይ ነው። መንግሥት የመርዝ ጋዝ ጥቃት ይደርሳል ብሎ ስለሰጋ በ1938 ወደ 38 ሚሊዮን የሚጠጉ ጭምብሎችን ለሕዝቡ አድሎ ነበር፤ ሕፃናት እንዳይደነግጡም ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ «ሚኪ ማውስ» እየተባለ የሚጠራ ጭምብል ተሠራላቸው። ልጆቹ ለጭምብሉ ሌላ አገልግሎት ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በኃይል ሲተነፍሱ የጎማው ጠርዝ ጉንጫቸው ላይ እየተርገበገበ የፈስ ድምፅ ያወጣ ነበር። በትምህርት ቤት የጭምብል ልምምድ ሲደረግ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ላይ ይህን ድምፅ ሲያሰማ መምህሯ ምን እንደሆኑ ያጫወቱኝ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ፣ ድምፁን በከንፈራቸው አስመስለው ካላሰሙ ወሬውን አይጨርሱም ነበር።

ሙዝ በ1940 መጨረሻ ወደ አገሩ እንዳይገባ ተከልክሎ ተመልሶ የመጣው በ1945 ማብቂያ ላይ ነው። በመካከሉ ያደገ ልጅ ሙዝን የሚያውቀው በሥዕል ስለነበር፣ መጀመሪያ ሲሰጣቸው ከነልጣጩ ነክሰው «ይህን አልወድም» ብለው እንደመለሱት የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ሙዝ በየመንገዱ ዳር በሚሸጥበት አገር ላደገ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል፤ መገረማችሁን አትደብቁ፣ የሰሚው መገረም ለተናጋሪው ብርታት ይሆነዋልና። ከረሜላም ከ1942 አንሥቶ በራሽን ነበር፤ በ1949 ራሽኑ ቢነሣ ሱቆቹ ፈጥነው ስለተራቆቱ በዚያው ዓመት እንደገና ተጣለና ለመጨረሻ ጊዜ የቀረው በፌብሩዋሪ 1953 ነው። አንዲት እናት ድርሻቸው ቶሎ ሲያልቅ ቆጣቢዋ እኅታቸው አንዱን ከረሜላ አንዴ ለማስላስ ብቻ እንዴት ታስከፍላቸው እንደነበር ሲያወሩ፣ ከስንት ዓመት በኋላም እልሁ አልወጣላቸውም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ስለ ትምህርት ቤት ጠይቁ፣ በተለይም ስለ ወተቱ። በ1946 በወጣው ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ የፓይንት አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 190 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት በነፃ ይታደል ነበር። በክረምት ከደጅ የተቀመጠው ጠርሙስ በረዶ ይሆንና ክዳኑ ሽቅብ ይነሣል፤ መምህሩ እንዲሟሟ ብሎ ከማሞቂያው አጠገብ ሲያስቀምጠው ደግሞ ለብ ይልና ሽታው ይለወጣል። እኔ በዚህ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው አረጋውያን ሁሉ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፤ ያም ሆኖ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ወተቱ በ1971 ሲቀር አገሩ ምን ያህል እንደተቆጣ በዚያው ትንፋሽ ይነግሯችኋል። በምሳ ሰዓት ይቀርብ የነበረውን ታፒዮካ የተባለ ጣፋጭ ገንፎም ልጆቹ «የእንቁራሪት እንቁላል» ይሉት ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ መጦሪያ ማንኪያውን እየገፉ የሚያስቸግሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላ ከታናሽ እኅታቸው እንደተረዳነው፣ በትምህርት ቤት ይህን ገንፎ ካልጨረስክ አትነሣም ተብለው ማዕድ ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር።

በኖቬምበር 5 ምሽት የሚነደው እሳትም መልካም መነሻ ነው። በ1605 ጋይ ፎክስና ተባባሪዎቹ ፓርላማውን በባሩድ ለማፈንዳት ያሤሩት ሤራ የከሸፈበት መታሰቢያ ስለሆነ፣ ልጆች ከአሮጌ ልብስና ከጭድ የሰው ምስል ይሠሩና በሕፃን ጋሪ እየገፉ ከመንገደኛው ለርችት መግዣ ሳንቲም ይለምኑ ነበር። ይህን ስሰማ የእኛው ሆያ ሆዬ ትዝ ይለኝና በቡሄ ሰሞን በየደጃፉ ዱላ እየደበደቡ ስለሚዘፍኑ ልጆች እነግራቸው ነበር፤ እነሱም ግጥሙን ተርጉሚልን እያሉ አያስወጡኝም። ከሁሉ የማልረሳው ግን የአንዲት እናት ጨዋታ ነው። ምስሉን ለመሥራት ጊዜ ስላጠራቸው ታናሽ ወንድማቸውን ኮፍያ ደፍተው፣ ፊቱን ጥላሸት ቀብተው ጋሪው ውስጥ «አትንቀሳቀስ» ብለው አስቀመጡት፤ አንዲት ደግ ሴት ሳንቲም ሲያስቀምጡ ልጁ «አመሰግናለሁ» አለና ሴትዮዋ ጮኸው ቦርሳቸውን ጥለው ሮጡ።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥያቄ ከመጀመራችሁ በፊት የልደት ዘመናቸውን ተመልከቱና ዐሥር ደምሩበት። አረጋዊ ሁሉ የጦርነት ልጅ ይመስል የጦርነት ጊዜ ሙዚቃ የሚከፍቱ መጦሪያዎች አሉ፤ በ1948 የተወለደ ሰው ግን ጦርነቱን አላየም። የእሱ ልጅነት የንግሥት ኤልሳቤጥ በዓለ ንግሥ በተከበረበት በጁን 2 ቀን 1953 ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ሳሎን ተጨናንቆ መመልከት፣ ቀጥሎም በረዶው ለሳምንታት ሳይቀልጥ የቆየበት የ1963 ክረምት ነው። እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግም 12 ፔኒ እንደነበር ብታውቁ፣ በሻይ ዋጋ የሚደነግጡ አዛውንት በየትኛው ገንዘብ እያሰቡ እንደሆነ ይገባችኋል። ከዚህም ሌላ ብሪታንያ እንግሊዝ ብቻ አይደለችም። የስኮትላንድ ሰው በኦክቶበር መጨረሻ ምሽት ትልቅ ቀይ ሥር የመሰለ አትክልት ፈልፍሎ ፋኖስ ይሠራ እንደነበር ይነግራችኋል። በ1948 ዊንድረሽ በተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ከመጡት ወገን የሆኑ እናት ደግሞ ልጅነታቸው ጃማይካ ነውና ስለ በረዶ ወተት አትጠይቋቸው።

ሳቅ ሁሉ ከደስታ የሚመጣ አለመሆኑን ግን አደራ አስተውሉ። በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ልጅ፣ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ልብሱ ላይ ታስሮለት ከከተማ ወደ ገጠር ተልኳል። ወተት ከላም እንደሚታለብ ባየ ጊዜ አልጠጣም ብሎ ያለቀሰ የለንደን ልጅ ወሬ ያስቃል፤ የማያውቁት ሰው መጥቶ «ይህችን እወስዳለሁ» እስኪል ድረስ በአዳራሽ ተሰልፎ መጠበቅ ግን አያስቅም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 1987 ድረስ በሕግ ተፈቅዶ የነበረው የሸንበቆ ዱላም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ እየሳቀ ያወራዋል፣ ሌላው ሲነሣበት እጁን ይደብቃል። ተናጋሪው ዝም ካለ ዝም በሉ፣ ወደፊት አትግፉት፤ ከአጠገቡም አትነሡ።

ያንኑ ወሬ በቀን አራት ጊዜ ብትሰሙ «ነግረውኛል» አትበሉ፤ ዓመቱን ወይም ስሙን ቢያፋልሱም አታርሙ። ለሚያወሩት ሰው ወሬው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ እናንተም ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ በአራተኛው ጊዜ ያልተነገረ ቁራጭ ይወጣል። ስለ ራሳችሁም አውሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ የሚገኘው በባዝ ከተማ ነው፤ ቤቱንም በ1958 ለከተማው አረጋውያን መገልገያ ይሆን ዘንድ ሰጥተውታል። ይህን ለእንግሊዛውያን ስነግራቸው ብዙዎቹ አያውቁትም ነበር፤ ሲሰሙ ግን ጥያቄያቸው ከንጉሡ አልፎ ወደ እኔ አስተዳደግ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ደግሞ እነሱ ጠያቂ ይሆናሉ። ሁልጊዜ ሲጠየቅና ሲታጠብ ለሚውል ሰው እሱም በተራው መጠየቁ ትልቅ ክብር ነው።

የሰማችሁትን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ጻፉት። ረጅም መሆን የለበትም፤ እናታቸው የሚጠሩበት ስም፣ ያደጉበት መንደር፣ የሚጠሉት ምግብ፣ የሚያስቃቸው ወሬ፣ እንዲሁም ፈጽሞ ሊነሣባቸው የማይገባው ነገር በአንድ ገጽ ይበቃል። ልጆቻቸው ሲመጡ አሳዩአቸው፤ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ብዙ ጊዜም ራሳቸው ያልሰሙትን ያገኙበታል። ፈረቃ ስትረካከቡ ደግሞ የደም ግፊቱንና የመድኃኒቱን ነገር ከተነጋገራችሁ በኋላ ይህንንም በቃል ጨምሩ፦ እኚህ አባት ታፒዮካ አይቀርብላቸው፤ እኚያ እናት ሌሊት ከጨነቃቸው ወንድማቸውን በጋሪ ስለገፉበት ምሽት ጠይቋቸው።