የዜና መግቢያና ማሰሪያ አንቀጹ

ጥያቄ፦ የዜና የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በተናጋሪው ማዕረግና ስም ጀምሮ «ገለጹ» ወይም «አስታወቁ» ብሎ መጨረሱ የተለመደ ነው። ይህ አጻጻፍ ተገቢ ነው?

መልስ፦ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ የዜናውን ጉልበት ግን ይቀንሳል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚያበቃው በግሥ ነው። ድርጊቱ ብቻ ሳይሆን አዎንታውና አሉታውም የሚለየው በማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በሚዘጋው ግሥ፣ ስለሆነ አንባቢው ፍሬ ነገሩን የሚጨብጠው አራት ነጥቡ ላይ ሲደርስ ነው።

የሚከተለውን እንመልከት፦ «የከተማው ውኃ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ ትናንት በጽሕፈት ቤታቸው ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ፣ በጎርፍ የተጎዳው ዋናው የውኃ መስመር ጥገና ባለመጠናቀቁ የሰሜኑ ክፍል ነዋሪዎች ለሦስት ቀናት ውኃ እንደማያገኙ ገለጹ።» አንባቢውን የሚነካው የውኃው መጥፋት ሆኖ ሳለ፣ በማሰሪያው ቦታ የተቀመጠው የሥራ አስኪያጁ መናገር ነው። በሬዲዮ ደግሞ አድማጭ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችል፣ ከዚያ ሁሉ ማዕረግና መግለጫ በኋላ የሚመጣው ቁም ነገር በቀላሉ ያመልጠዋል።

እኔ ብሆን «ዋናው የውኃ መስመር በጎርፍ በመጎዳቱ የሰሜኑ ክፍል ነዋሪዎች ለሦስት ቀናት ውኃ አያገኙም» ብዬ እጽፍና ሥራ አስኪያጁን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አሻግራቸዋለሁ። ምክንያቱ በአጭሩ ቀድሟል፤ ባለቤቱና ግሡም ተቀራርበዋል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመለሱ ማለት በተለይ ለአማርኛ ከባድ ሸክም ነው፤ ገላጭ ሐረጎቻችን ከሚገልጹት ስም ስለሚቀድሙ እያንዳንዱ ጭማሪ ግሡን ይበልጥ ያርቀዋል።

ይህ ሲባል ግን ምንጭ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይገፋ ማለት አይደለም። ክስ ወይም አከራካሪ አስተያየት ሲሆን ባለቤቱ ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። «ድርጅቱ ግብር አጭበርብሯል» ብሎ መጻፍ ጋዜጠኛውን ራሱን ፈራጅ ያደርገዋል። «ዐቃቤ ሕግ ድርጅቱን ግብር በማጭበርበር ከሰሰ» ቢል ግን ዜናው ክሱ ራሱ ስለሆነ «ከሰሰ» የማሰሪያው ቦታ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ተገለጸ» ነው። «ገለጹ» ቢያንስ ተናጋሪውን ያሳያል፤ «ውኃ እንደሚቋረጥ ተገለጸ» የሚለው ግን ድርጊቱንም ያዳክማል፣ ምንጩንም ይደብቃል፤ አንባቢውም የነገሩን እውነትነት የሚመዝንበት መሠረት ያጣል። ጋዜጠኛው ምንጩን ካወቀ ይጥቀሰው፤ ስሙን ለመሰወር በቂ ምክንያት ካለው ደግሞ ያንኑ ምክንያት ለአንባቢው በግልጽ ይጻፍለት።