እቤት ውስጥ «ሚስ» ብሎ ጠራኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሁለት ልትሞላ ነው። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ቤት አይገባም። መስከረም ላይ ሰፈራችን ያለ የግል ትምህርት ቤት ኬጂ ውስጥ ረዳት መምህርት ሆኜ ተቀጠርኩ። ልጄም እዚያው በነጻ እንዲማር ሲፈቅዱልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን የገባው እኔ ያለሁበት ክፍል ነው። ሌላ ልጅ ሳቅፍ ያለቅሳል። ሌላ ልጅ ሳበላ መጥቶ ጋውኔን ጨምድዶ ይይዛል። ዋናዋ መምህርት «ልጅሽን አሞላቀሽዋል» ካለችኝ ወዲህ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምቆጣው እሱን ሆኗል። ትንሿን ጎረቤት ያሉ እናት ይይዙልኛል። ስገባ እየሮጠች ስትመጣ «ቆይ አንዴ» ነው የምላት፣ አቅም የለኝም። ባለፈው ማታ ልጄ እቤት ውስጥ «ሚስ» ብሎ ጠራኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሥራውን ልተወው? የፈረምኩት ወረቀትም የለም፣ ክረምት ላይ ደሞዝ የለም ሲባልም ሰምቻለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም እዚሁ ድሬ ስድስት ዓመት የኬጂ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አንዱን ዓመት ልጄን ክፍሌ ውስጥ ይዤ። ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ አይደለም።

ሥራውን አትተዪው። ክፍሉን ግን ቀይሪ። ልጅሽና አንቺ አንድ ክፍል ውስጥ መዋል የለባችሁም።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ሃያ ምናምን ምሳ ዕቃ ይሰለፋል፣ አንዱ ክዳኑ ጠብቆ አልከፈት ይላል፣ የአንዱ ፓስታ ተጣብቆ አንድ ላይ ይነሳል፣ የአንዷ ውሃ ፈሶ እንጀራው በስብሷል፣ አንቺ ደግሞ ተንበርክከሽ ከአንዱ ወደ አንዱ ነሽ። እኔ አዳላች እንዳልባል የልጄን መጨረሻ ላይ ነበር የምከፍተው። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አታለቅስም፣ አትጠራኝም። እኔም ጨዋ ልጅ አለችኝ ብዬ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋ ሳይከፈት ቤት ተመለሰ። «ለምን አልበላሽም?» አልኳት። «አንቺ የነሱን ስትከፍቺ ነበራ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለችኝ። አሁንም ሳስታውሰው ሆዴ ይላወሳል።

በነጋታው ርእሰ መምህሯ ጋ ገባሁ። ልጄ ወደ ጎን ክፍል ተዛወረች። አንድ ሳምንት በር ላይ ተንቀጠቀጠች፣ አለቀሰች፣ እኔም ግድግዳው ማዶ ድምጿን እየሰማሁ የሌላ ሰው ልጅ አፍንጫ ጠረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛ ያዘች። ምሳ ዕቃዋንም ራሷ መክፈት ቻለች።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ስትጠይቂ «ልጄ አስቸገረኝ» አትበይ፤ ጥፋቱ የሱ ይመስላል። «ለሁሉም ልጆች እኩል መሆን እፈልጋለሁ፣ ልጄ ፊቴ ካለ አልችልም» በይ። የሱ ክፍል አንድ ብቻ ከሆነ እሱ እዚያው ይቆይና አንቺ ወደ ኬጂ አንድ እንድትሄጂ ጠይቂ። ረዳት መቀያየር ለትምህርት ቤቱ ወጪ የለውም።

እስከዚያው ዋናዋን መምህርት ለብቻዋ አግኝተሽ «እሱን አንቺ ተቆጪልኝ፣ እኔ አልገባም» በያት። ሞልቃቃ አይደለም። እናቱ ፊቱ ቆማ ሌላ ልጅ ስታቅፍ ያየ የአምስት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? ከሥራ ስትወጡም በር ላይ ጋውንሽን እሱ ያውልቅልሽ። አጣጥፎ ቦርሳሽ ውስጥ እሱ ራሱ ይክተተው። ከዚያ በኋላ «እማዬ» ነሽ። የእኔዋ ጋውኑን ቦርሳ ውስጥ ስትከት «ሚስ ተኛች» ትል ነበር።

ስለ ድካሙ። ቀኑን ሙሉ ትዕግሥትሽን ለሰው ልጆች ሰጥተሽ ለራስሽ ልጆች የተረፈሽ ጥቂት ነው፣ ያም ጥቂት ምድጃ ላይ እያለቀብሽ ነው። ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ምድጃ አትለኩሺ። ያቺ «ቆይ አንዴ» የምትያት ልጅ ምግቡን ሳይሆን አንቺን ነው ስትጠብቅ የዋለችው። የድሬ ሰው በዚያ ሙቀት ጋደም ማለት ያውቅበታል፤ ምንጣፉን አንጥፊ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሦስታችሁም ተጋደሙ፣ ግማሽ ሰዓት ላይሽ ላይ ይንከባለሉ። ወጡን ማታ ሲቀዘቅዝ ለነገ ሥሪው። ትንሿን ለሚይዙልሽ እናትም በየወሩ የቻልሽውን አስቢላቸው፣ እምቢ ቢሉም። በውለታ የተያዘ ልጅ ውሎ አድሮ ሰውን ያጣላል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ረዳት» ሲባል ብዙ ሰው ሞግዚት ነው የሚመስለው፣ አንቺም ደብዳቤሽ ላይ ራስሽን ዝቅ ያደረግሽ መሰለኝ። ድሬ ውስጥ ልጅ በሦስት ቋንቋ ነው የሚያለቅሰው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን እንኳ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ያስተምራሉ። የግል ኬጂ ግን ሁሉንም አንድ ክፍል ያስገባል። አንዱ «ቢዮ» ይላል፣ አንዷ «ቢሻን» ትላለች፣ ሁለቱም የሚጠይቁት ውሃ ነው። በግንቦት ሙቀት ያን የሚሰማ ሰው ከሌለ ልጁ ተጠምቶ ይውላል። ብዙ ጊዜ የምትሰማው ረዳቷ ናት። ይህን ርእሰ መምህሯም ማወቅ አለባት፣ ንገሪያት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ የምትዳኚው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውልሽ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታሽን ጽፎ ፈርሞ ሊሰጥሽ ይገባ ነበር። ባይሰጥሽም መብትሽ አይቀርም፤ ደሞዝ የተቀበልሽበትን ማስረጃ ሁሉ ግን አስቀምጪ። በመጀመሪያው ዓመት ከደሞዝ ጋር 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ። «ውልሽ ሰኔ ላይ ያበቃል» ቢሉሽ እንኳ ያልወሰድሽው ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሚሆኑ፣ ሠራተኛ ሆነሽ ትቀጥያለሽ ወይስ መስከረም ላይ እንደ አዲስ ትቀጠሪያለሽ የሚለውን በጽሑፍ አስመልሺ። ጡረታም ጠይቂ። ካንቺ 7 ከመቶ ከተቆረጠ አሠሪሽ 11 ከመቶ መጨመር አለበት።

ልጅ ሲታመምም ዝም ብለሽ አትቅሪ። አዋጁ ለከባድ ችግር ያለ ደሞዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በዓመት ሁለቴ ይፈቅዳል። አንቺ ከታመምሽ ደግሞ በሐኪም ወረቀት የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ ነው። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን ስንቱን ቤት እንዳስተኛ ታስታውሻለሽ። ትንኝ ባለበት ከተማ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው።

ሰኞ ርእሰ መምህሯ ጋ ስትገቢ ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ቀን አታንሺ። ክፍሉን አስቀድሚ። ወረቀቱ ለሳምንቱ ይደርሳል።