መርፌውን ያዢ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ይመጣል

ጥያቄ፦ እትዬ ሰላምዎ ይብዛ። ምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትንሿ ገና ሰባት ወሯ ነው። ለልጆቼና ለቤቴ በእጄ የሆነ ነገር ሰፍቼ ማየት በጣም ነው ምፈልገው፣ የትራስ ልብስ፣ የልጅ መጠቅለያ፣ መጋረጃም ቢሆን። ግን የስፌት መኪና የለኝም፣ መግዣውም አሁን የለም። ባለፈው አቡጀዲ ገዝቼ በእጄ የትራስ ልብስ ሰፋሁ፣ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ፣ አንዴ ሳጥበው ግን አጥሮ ትራሱ አልገባ አለ፣ ጎኑም ተተረተረ። ባለቤቴ "ገበያ ሞልቶ ምን አደከመሽ" ይለኛል። ኮርስ ሳልገባ መማር እችላለሁ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አትተይውም የኔ እህት! ደብዳቤሽን ሳነብ የትራሱ ልብስ ነው በዓይኔ የመጣብኝ፣ እሱን ሰፍተሽ ከጨረስሽ እኮ ጀምረሻል ማለት ነው፣ የቀረሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛው ውሃ ነው። ጥጥ ሲሸመን ተወጥሮ ነው ሚሸመነው፣ አቡጀዲ ደግሞ ላዩ ላይ ጨርቁን ሚያጠነክር ስታርች ይኖረዋል፣ ስለዚህ ውሃ ሲነካው ስታርቹ ይለቃል ክሩም ተመልሶ ይሰበሰባል። ሸማም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ጥጥ ጨርቅ መቀስ ከማስነካትሽ በፊት ወደፊት በምታጥቢበት ውሃ እጠቢው፣ በሙቅ ምታጥቢ ከሆነ በሙቅ፣ አስጥተሽ ተኩሰሽ ከዚያ ለኪ። እኔ የመጀመሪያ መጋረጃዬን ሳላጥብ ቆርጬ አንድ ስንዝር ሙሉ አጥሮብኛል፣ ያን ቀን ያለቀስኩት አሁንም አይረሳኝም።

ሁለተኛው አሰፋፍሽ ነው። ወጣ ገባ እያደረግሽ ብቻ ነው የሰፋሽው መሰለኝ። እሱ ለጊዜው ለመያዝ ነው ሚሆነው፣ ሳብ ሲደረግ ክሩ ይሮጥና ይተረተራል። ሚያዘው ወደኋላ እየተመለሱ መስፋት ነው፣ መርፌው ወደፊት ይወጣል፣ ከዚያ ቀድሞ ወደወጣበት ቀዳዳ ተመልሰሽ ትወጊና ከሥር አልፎ ራቅ ብሎ ይወጣል፣ እንደገና ትመለሻለሽ። እናትሽ ወይ አያትሽ ሰፌድ ስትሰፋ አይተሽ የለ? ስፌት ብለን እኮ ነው ሁለቱንም ምንጠራው፣ የሰፌዱንም የጨርቁንም። እያንዳንዷ ዙር ካለፈችው ዙር ጋር በወስፌ እየተበሳች ነው ምትያያዘው፣ ለዚያ ነው ሰፌድ ስንት ዓመት እህል ተበጥሮበት ማይፈታው። ያ ትዕግስት ከቤትሽ ያለ ነው፣ ከሰው ሀገር አታመጪውም።

አሁን ያንኑ የትራስ ልብስ ድገሚው፣ ሌላ ነገር አትጀምሪ። ትራስሽ 50 በ70 ሴንቲ ከሆነ ወርዱ 53 ርዝመቱ 165 የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ ያስፈልግሻል። መስመሩን በደረቀች ሳሙና ቁራጭ አስምሪው፣ ልብስ ሰፊዎቹም እሷን ነው ሚጠቀሙት፣ ሲታጠብ ይለቃል። ስትቆርጪ ድሩን ተከትለሽ ቀጥ አድርጊ፣ ሰያፍ ከቆረጥሽው ጨርቁ ይለጠጥና መልኩን ያጣል። ሁለቱን አጫጭር ጫፎች መጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ከዚያ ሁለት ሴንቲ አጥፈሽ ቀምቅሚያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደላይ አድርገሽ አንጥፊና አንዱን ጫፍ 70 ሴንቲ መልሰሽ እጠፊው፣ ፊትና ፊቱ ይተያያል። በሌላው ጫፍ 20 ሴንቲ ይተርፋል አይደል፣ እሱን ከላይ ደርበሽ እጠፊው። ሁለቱን ጎን ከዳር አንድ ተኩል ሴንቲ ገብተሽ እየተመለሽ ስፊ፣ ጠርዙንም ዙሪያውን በክር ጠቅልይው እንዳይተረተር። ስትገለብጪው ያቺ 20 ሴንቲ ወደ ውስጥ ኪስ ትሆናለች፣ ትራሱ እዚያ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ዚፕ የለ ቁልፍ የለ። መጀመሪያ ግር ይልሻል፣ በወረቀት አጥፈሽ ሞክሪው ወዲያው ይገባሻል።

ለትንሿ ደግሞ አዲስ ጨርቅ አትግዢ። ያረጀ ጋቢ ካለ እሱን የሚያህል የልጅ መጠቅለያ የለም፣ ባለ አራት ድርብ ነው፣ ብዙ ታጥቦ ለስልሷል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት ብርዱን ላንቺ አልነግርሽም። ያላለቀውን መሃሉን ቁረጪና ዳሩን በሌላ ጨርቅ ቀምቅሚው፣ ለስላሳው ወደ ልጅቷ ይሁን። የሆነ ሰው አይቶ ድሪቶ ቢልሽ አትስሚ፣ አባቷ የለበሰውን ጋቢ ልጅ ስትጠቀለልበት እኔ ከዚያ በላይ ልብስ አላውቅም። ቁልፍና ዶቃ ግን አደራ፣ በዚህ ዕድሜ ነቅላ ነው ምትውጠው፣ በጨርቅ ማሰሪያ አድርጊው።

ስለ መኪናው፣ ስትገዢ በእግር ሚረገጠውን እይ፣ መብራት ቢጠፋም ይሰራል። እስከዚያ ግን ሰፈርሽን ጠይቂ፣ በ2011 ዓ.ም በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የሰራች ልጅ ጎረቤት አታጪም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልተሽ ብታስጠሪያት ደስ ብሏት ታሳይሻለች። መኪና ላይ ስትቀመጪ መጀመሪያ ክር ሳትከቺ የተሰመረ ደብተር ወረቀት ላይ መስመሩን ተከትለሽ ንጂ፣ እግርሽና እጅሽ እስኪግባቡ። መርፌ ለአቡጀዲ 14 ቁጥር ለጋቢ 16 ያስፈልግሻል። ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው፣ የሱን ሸሚዝ ቁልፍ ቀይሪለትና ዝም በይ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ ሞላሌ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። የእናቴ የእጅ ሥራ የሆነ የበግ ጠጉር ባና አለኝ፣ ፈትላ ያስሸመነችው፣ አንድ ጎኑን ብል በልቶታል። ሴት ልጄ ወልዳለች፣ ለልጅ ልጄ የሚሆን ነገር ይወጣዋል? ወንድ ነኝ መርፌ ብዙ አልያዝኩም፣ ግን ለሰው መስጠት አልፈለኩም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይወጣዋል እንጂ! ባናውን ለሰው ባለመስጠትዎ ደግሞ ጥሩ አደረጉ። ወንድ መርፌ አይይዝም ያለ ማነው፣ የገበያ ቀን ከስፌት መኪና ጀርባ የተቀመጡትን ልብስ ሰፊዎች ይዩ፣ አብዛኛው ወንድ ነው፣ ሸማኔውም እንደዚያው።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥተው በደንብ ያራግፉትና ስፌቱንና እጥፋቱን ሁሉ በብሩሽ ይጥረጉት፣ ብሉ እንቁላሉን እዚያ ነው ሚደብቀው። ከዚያ የተበላውን ጎን ቆርጠው ያስቀሩት፣ ለመጠገን አይልፉ፣ ደህናው ለአንድ ሕፃን ይበቃል። የቆረጡበት ጠርዝ ይተረተራል፣ ስለዚህ አራት ጣት የሚሆን ጥጥ ጨርቅ ለሁለት አጥፈው ጠርዙን መሃሉ ያስገቡና በወፍራም መርፌ ይስፉት፣ ስፌቱ ባይስተካከልም ግድ የለም። ጠጉር ሕፃን ይኮሰኩሳል፣ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ነጠላ ይደርቡበት።

ሲታጠብ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። በሙቅ ውሃ ከታሸ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ጠጥሮ ያጥራል፣ ያ ከሆነ ደግሞ አይመለስም፣ ልጅዎትን ይንገሯት። አይጠምዝዙት፣ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ይጫኑትና ጥላ ላይ አንጥፈው ያድርቁት። ያስቀሩትን ቁራጭም አይጣሉት፣ ደህናው ዳር ተቆርጦ የሕፃን ጫማ ውስጥ ሚገባ ንጣፍ ይወጣዋል።