«የሚያውቁት ሰው አለ?»

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቤት መጣች። በሕግ ተመርቃለች፤ ለወረዳ ፍርድ ቤት ዳኝነት ልትወዳደር አስባለች። ቡናው እየተቆላ ሳለ «ጋሼ፣ እዚያ የሚያውቁት ሰው አለ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተቆጥቼባት አይደለም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ያ «የሚታወቀው ሰው» ስለነበርኩ ነው።

ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ደሴ ውስጥ ጥብቅና እሠራ ነበር። ከምመላለስባቸው ፍርድ ቤቶች በአንዱ አንድ ሬጅስትራር፣ መዝገብና ማመልከቻ የሚቀበል ሠራተኛ፣ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ከተማውን በሸፈነበት ጠዋት እንኳ የሱ ቢሮ ክፍት ነው። ከገጠር የመጣች ባልቴት ስለ መዝገቧ ስትጠይቀው ተነሥቶ ወንበር ይሰጣታል። ማታ ማታ ተምሮ የሕግ ዲግሪ ያዘ። ከዚያ ለዳኝነት አመለከተ።

እኔ ግን ቂም ነበረኝ። የደንበኛዬን መከላከያ መልስ በመጨረሻው ቀን ለማስገባት ከኮምቦልቻ ስመጣ፣ ሀረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። ደሴ ስደርስ ቢሮ ወጥቷል። በማግሥቱ ጠዋት ሄድኩ። «ቀኑ ትናንት ነበር፤ ምክንያትዎን ለዳኛው ያስረዱ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ልክ ነበር። ሰው ፊት መሆኑ ግን አንገበገበኝ።

ከወራት በኋላ ስለ ዕጩዎች የሚያጣራ ሰው ፒያሳ ቡና እየጠጣን ስለሱ ጠየቀኝ። «ጎበዝ ነው፤ ግን ደረቅ ነው፣ ከሰው አይግባባም» አልኩት። በቃ። አልጻፍኩም፣ አልፈረምኩም። ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ገባን።

ዕጩዎቹ ሲታወቁ የሱ ስም የለም። ለምን እንደቀረ የነገረው ሰው አልነበረም። በእኔ ቃል ብቻ ቀረ አልልም። ግን ቃሌ እዚያ ውስጥ ነበረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አሁን በሕይወት የለም።

ልጆቼ፣ ሕጉን አንብቡ፣ ለፈተናው ተዘጋጁ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ይህን ግን አስተውሉ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የወረዳ ዳኛን የክልሉ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ለክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩዎች የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየትም ይጠየቃል። ለወረዳ ዕጩ አይጠየቅም። ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ውርስ የተካደ ወንድም መጀመሪያ የሚቆሙት ግን ወረዳ ዳኛ ፊት ነው። ባሕር ዳር ያለው ጉባኤ ያንን ዕጩ በአካል ላያውቀው ይችላል። የምናውቀው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ቂም አለን፣ ዘመድ አለን።

ዳኛን ሕዝብ ይምረጠው የምትሉ አላችሁ። አልስማማም። ዘመደ ብዙው ነው የሚያሸንፈው። ግን ደግሞ ራሳችን መርጠን የምናስቀምጣቸው ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ያልፈታውን ጠብ ሲፈቱ አይቻለሁ። አባቴም በጃንሆይ ዘመን ስለነበረ አንድ አጥቢያ ዳኛ በፍቅር ያወራ ነበር፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአባቱ ያውቃል ይል ነበር። እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው።

አንዱን ግን አጥብቄ እፈልጋለሁ። ስለ ዕጩ የሚሰጥ አስተያየት በጽሑፍ ይሁን፤ ይፈረምበት። ዕጩውም የተባለውን አይቶ መልስ ይስጥ፤ ከቀረም ምክንያቱ ይነገረው። «ፊርማ ካለ ሰው ፈርቶ ዝም ይላል» ይሉኛል። ከፈራ የጸሐፊው ስም ከዕጩው ይደበቅ። ነገሩ ግን አይደበቅ። ያኔ ፈርም ብባል ኖሮ ያንን ቃል አልናገርም ነበር።

የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር በሰው ነው ብላችሁ ደምድማችኋል። ያሳዝነኛል። ያስተማርናችሁም እኛው ነን።

ለልጅቷ ስልክ አልደወልኩላትም። ስለሷ የማውቀውን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ መጀመሪያ ለሷ ሰጠኋት። «ትቸኩላለች» የምትለው ላይ ስትደርስ ተከራከረችኝ። ሦስት ስኒ ቡና ጨርሰን ነው የተለያየነው። ቃሏን ሰረዝኳት።