ልጅ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲገባ ወላጅ ማታ የት ይደር?

"ልጄ አይሲዩ ከገባ 2 ቀኑ ነው፣ ማታ ማታ ወንበር ላይ ነው የማድረው፣ ሌላ መላ አለ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። አለ። እኔ 11 ሌሊት አስታምሜያለሁ፣ 5ቱን ሌሊት ግን በከንቱ ነው የተንገላታሁት።

1. ማደሪያ ካርድ ክፍል አትጠይቂ። እኔ ጠይቄ "እዚህ ሆቴል አይደለም" ተብያለሁ፣ ያውም ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በ6ኛው ቀን ኮሪደሩን የምትወለውለዋ ሴትዮ እግሬን እንዳነሳላት ጠይቃኝ "አንቺ፣ ፎቅ ላይ የወላጆች ክፍል እያለ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። ለካ 4 አልጋ ያለው ክፍል አለ! ስም የሚይዘው ሶሻል ወርከሩ፣ ማለትም የሆስፒታሉ የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገ በጠዋት ቀጥታ እሱን ፈልጊ። ክፍሉ ሞልቶ ከሆነ በአቅራቢያ ሮናልድ ማክዶናልድ ሀውስ ካለ ጠይቂው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ የተጀመረ የታማሚ ልጆች ቤተሰብ ማረፊያ ነው፣ አሁን በብዙ አገሮች ውስጥ ይሠራል።

2. ስልክ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በ4ኛው ሌሊት ወንበሩ ወገቤን ቢቆርጠኝ መኪና ውስጥ ልተኛ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ባትሪዬ 6 ፐርሰንት ነበር፣ ወዲያው ዘጋ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሐኪሙ ለልጄ ደም ሥር ረጅም ቱቦ ለማስገባት ፊርማዬን ፈልጎ፣ ስሜ ኮሪደር ለኮሪደር ሲጠራ አድሯል። እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ነገሩ አጣዳፊ ስላልነበር እስኪነጋ ጠበቁኝ እንጂ፣ ስመለስ የነርሷን ፊት ባየሽው! ከዚያ በኋላ የእኔንና የባለቤቴን ስልክ፣ የምተኛበትንም ቦታ በትልልቁ ጽፌ ከሞኒተሩ ሥር በፕላስተር ለጠፍኩ። ፈረቃ ሲቀየርም ለአዲሷ ተረኛ በአፌ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በሳምንቱ የጎረቤት አልጋዋን እናት "እንደሷ ለጥፊ" ሲሏት ሰማሁ፣ ኮራ አልኩ።

3. ሹራብና ካልሲ ያዢ፣ ክፍሉ ብርድ ነው። ጡት የምታልቢ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱን አትዝለዪ፣ ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ከፍ የሚለው ሌሊት ነው። እኔ አንድ ሌሊት ዘልዬ ጠዋት ጡቴ ድንጋይ ሆኖ... ተይው።

ሐኪሞቹ ጠዋት ሲዞሩ ግን አልጋው አጠገብ ተገኚ። እንቅልፍ ከጣለሽ እንድትቀሰቅስሽ ለነርሷ ንገሪያት። ሶሻል ወርከሩ ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ክፍል የለም ካለሽ ደግሞ የሚያጸዱትን ጠይቂ።