ሜሞሪና ሽምደዳ ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አጠናንና ስለ ሜሞሪ ቴክኒክ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛብኝ በአንዴ ብንጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው። ሥራዬ ማስተማር ነው፣ ይሄን ነገር ደግሞ ስከታተለውም ስሞክረውም ዓመታት ሆኖኛል። ተአምር የሚፈልግ ካለ ግን ከወዲሁ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ሦስት አራቴ አንብቤ ሁሉም ገብቶኝ እተኛለሁ፣ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ። ደደብ ነኝ እንዴ?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። ደጋግመሽ ስታነቢ ገጹን ትለምጂዋለሽ፣ "አዎ ይሄንን አውቀዋለሁ" ያስብልሻል፣ ፈተና የሚጠይቅሽ ግን አይተሽ መለየትን ሳይሆን ከባዶ ማውጣትን ነው፣ እሱን ደግሞ አልተለማመድሽውም። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፣ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ግማሾቹ ደግመው አነበቡት፣ ግማሾቹ ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ያነበቡት 42 ላይ ቀሩ። ስለዚህ አንድ ክፍል እንደጨረስሽ ደብተሩን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ የመጣልሽን ጻፊ፣ ከዛ ከፍተሽ የጎደለውን እዪ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የማታውቂውን ፊትሽ ላይ ነው የሚያመጣው።

ጥያቄ፦ ሃይላይተርስ?

መልስ፦ ጠላቴ አይደለም፣ ግን ገጹ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ምኑን ለየኸው?

ጥያቄ፦ በየስንት ቀኑ ልከልስ?

መልስ፦ ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ ላይ እየሞከረ የመርሳትን ፍጥነት ለክቷል። በሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሄዷል፣ ከዛ በኋላ ግን መርሳቱ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ለኛ ትርጉሙ ምንድነው፣ የመጀመሪያውን ክለሳ አታዘግይ፣ ቀጣዮቹን ግን እያራራቅህ ሂድ። በማግስቱ፣ ከዛ ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት ምናምን። ቁጥሮቹ ቅዱስ አይደሉም፣ ፈተናው ሩቅ ከሆነ ክፍተቱንም ሰፋ አርገው። ትንሽ ሊጠፋህ ሲል ታግለህ ማምጣትህ ነው ጥቅሙ፣ ትኩስ እያለ መድገም ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ አንኪ (በጥያቄና መልስ ካርድ የሚያስከልሰውን አፕ) ጭኜ ነበር፣ አሁን የተከማቸውን ካርድ ሳየው አፑን መክፈት ያስጠላኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ብሮ፣ አዲስ ካርድ መጨመር አቁምና የድሮውን በየቀኑ በልክህ ቀንስ። ደግሞ ካርዶችህን እያቸው፣ አብዛኛው ሰው የሚሰለቸው ካርዱ ስለማይረባ ነው። "የደም ዝውውርን አብራራ" የሚል ካርድ ካርድ አይደለም፣ ድርሰት ነው፣ ሁሌም ግማሹን ትመልስና ትክክል ነኝ አይደለሁም እያልክ ትደናገራለህ። "ከሳንባ የሚመለሰው ደም መጀመሪያ የሚገባው የትኛው የልብ ክፍል ውስጥ ነው?" ብትለው ግን መልሱ አንድ ነው፣ የግራ ኤትሪየም፣ አወቅከው ወይ አላወቅከውም። ያልገባህን ነገር ካርድ አታድርገው፣ መጀመሪያ ይግባህ።

ጥያቄ፦ ሜሞሪ ፓላስ የሚሉት እውነት ይሠራል ወይስ የፊልም ነገር ነው?

መልስ፦ ይሠራል፣ በጣም። ከጥንት ግሪክ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሮማዊው ሲሴሮ ስለሱ ጽፏል። በደንብ የምታውቀውን ቤት በሐሳብህ እየዞርክ በየቦታው የምትይዘውን ነገር በምስል ታስቀምጣለህ። የሜዲስን ተማሪዎች 12ቱን የጭንቅላት ነርቮች በተራ መያዝ አለባቸው እንበል። አንደኛው ኦልፋክተሪ የማሽተት ነው፣ በሩ ላይ መግቢያውን የዘጋ ትልቅ አፍንጫ አስቀምጥ፣ ንፍጡን ረግጠህ ነው የምትገባው። ሁለተኛው ኦፕቲክ የማየት፣ ኮት መስቀያው ላይ መነጽር ብቻ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ኦኩሎሞተር ዓይን የሚያንቀሳቅስ፣ ሶፋው ላይ ጎማው የዓይን ኳስ የሆነ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ምስሉ ባስጠላና በተጋነነ ቁጥር አእምሮህ ውስጥ ይቀራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ተራ ሰዎችን በቀን 30 ደቂቃ ለ6 ሳምንት አሠልጥኖ፣ ከ72 ቃላት 26 አካባቢ ያስታውሱ የነበሩት 62 አካባቢ ደርሰዋል።

ግን በቅደም ተከተል የሚሄድ ዝርዝር መያዣ ነው። ነርቩ ሲጎዳ ምን እንደሚከሰት ቤቱ አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት አልይዝም አለኝ።

መልስ፦ ይሄን እወደዋለሁ። ፈረንጆቹ ሜጀር ሲስተም ይሉታል፣ እያንዳንዱን አሃዝ ለአንድ ተነባቢ ሰጥተህ ቁጥሩን ቃል ታደርገዋለህ። ለፊደላችን ደግሞ እንደተሰፋ ልብስ ነው፣ ምክንያቱም የፊደሉን ቤተሰብ (ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ የሚሄደውን) ብቻ ይዘህ አናባቢውን እንደፈለክ ትቀያይራለህ። እኔ የምጠቀመው 1 ለ፣ 2 መ፣ 3 ረ፣ 4 ሰ፣ 5 ቀ፣ 6 በ፣ 7 ተ፣ 8 ነ፣ 9 ከ፣ 0 ደ ነው። አሁን 67 ቤት ሆነ፣ 12 ላም፣ 54 ቄስ። የሚስጥር ቁጥርህ 0343 ከሆነ ዶሮ ሳር ስትግጥ ነው፣ በቃ አይጠፋህም (አሁን እኛም ስላወቅነው ቀይረው)። ኮንስታንቲኖፕል የወደቀችው በ1453 እ.ኤ.አ. ነው፣ ክፍለ ዘመኑን ካወቅህ 53 ይበቃሃል፣ ቁራ፣ ከተማዋ ግንብ ላይ ቁራ ሲጮህ አስብ። ኮዱን ለመልመድ ጥቂት ቀን ይፈጃል፣ ከዛ በኋላ ያለማሰብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ቪዥዋል ለርነር (በማየት የምማር ሰው) ነኝ፣ ለኔ የሚሆን ዘዴ የቱ ነው?

መልስ፦ ሰው ምርጫ አለው፣ ግን በምርጫው ስለተማረ የበለጠ ይይዛል የሚለው ማስረጃ አላገኘም። ለሁሉም ሰው የሚሠራውን ሥራ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው። የተዋወቅኩትን ሰው ስም ወዲያው እረሳለሁ፣ ይሄ በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ የአዲስ ሰው ስም በወጣቱም ላይ ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ ሲነገረን ልባችን ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ስሙን ሲሰሙ ጮክ ብለው ይጥሩት፣ ከደቂቃ በኋላ በልብዎ ያምጡት፣ ከዛ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ከዛ ሲሰናበቱ። ላንዳወርና ብዮርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ስም ላይ ሞክረው ጠቃሚነቱን ያሳዩት እንዲህ እያራራቁ ማምጣትን ነው። ግን የለመዱት መንገድ የሚጠፋብዎት ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብ "አሁን እኮ ጠይቀሽኝ ነበር" ማለት ካበዛ፣ ሐኪም ይይዎት።

ጥያቄ፦ ብሬን ጌም ብጫወት አጠቃላይ ሜሞሪዬ ያድጋል?

መልስ፦ ጌሙ ላይ ጎበዝ ትሆናለህ። ኤሪክሰንና ቼይዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ የጻፉለት አንድ ተማሪ አለ፣ መጀመሪያ እንደ ማንኛችንም አንዴ ሰምቶ 7 ያህል አሃዝ ነበር የሚይዘው፣ ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን ወደ ሩጫ ሰዓት እየቀየረ ከ200 ሰዓት በላይ ተለማምዶ 79 አሃዝ ደረሰ። ወደ ሆሄያት ሲቀይሩበት ተመልሶ 6 አካባቢ ገባ። ያደገው ዘዴው ነው።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ ፕሊስ

መልስ፦ የድሮ ጥያቄ ካለ ሳታይ ሥራ፣ የሳትከውን ብቻ አንብብ፣ እሱኑ ትንሽ ቆይተህ ሳታይ ድገመው። አዲስ ምዕራፍ አትክፈት። ሌሊቱን ደግሞ ተኛ፣ ያጠናኸውን አእምሮህ የሚያደላድለው ያኔ ነው።